መልክ የማይነግረንን አንቲቦዲ ይነግረናል

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፀረ ኤች አይ ቪ/ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ በባዮሎጂ ትምህርት ስለምታውቁት አንድ ቃል ነው፤ ስለ አንቲቦዲ። «አንቲቦዲ በሽታን ይከላከላል» ተብላችሁ ተምራችኋል። በሌላ በኩል ደግሞ ተመርምሮ የኤች አይ ቪ አንቲቦዲ የተገኘበት ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ ሲባል ትሰማላችሁ። ታዲያ አንዳንዱ ወጣት «አንቲቦዲ ካለው ተከላክሏል ማለት አይደለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን ግን ከሥሩ እንጀምረው።

አንቲቦዲ እንግዳ ነገር ወደ ሰውነታችን ሲገባ ሰውነታችን የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ትልቁ ችሎታው መለየት ነው። አንዱ ዓይነት አንቲቦዲ የራሱን ዒላማ ብቻ ፈልጎ ይይዛል፤ ሌላውን አልፎት ይሄዳል። ተመራማሪዎች ይህን ችሎታ ለምርመራ ሊጠቀሙበት ፈለጉ። ችግሩ ግን በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ የብዙ ዓይነት ድብልቅ መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ከተማ መላ አገኙ። አንቲቦዲ የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ያለማቋረጥ ከሚባዛ የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። ከዚህ የተገኘው ሕዋስ እየተባዛ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያመርታል። ሥራቸው በ1984 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እስቲ የጥምቀትን በዓል አስቡ። ሜዳውን የሞላው ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ከሩቅ ሆናችሁ የክፍላችሁን ልጆች ቁጠሩ ብትባሉ ትችላላችሁ? አትችሉም። እያንዳንዳቸው ቢጫ ሪባን ቢያስሩስ? ያኔ ቀላል ነው። ነጭ የደም ሕዋሳትም እንደዚያው ናቸው። ሲዲ 4 የሚባለውን ፕሮቲን የያዙት ሕዋሳት የበሽታ መከላከያ ሠራዊታችን አስተባባሪዎች ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ከሌሎች ጓደኞቻቸው አይለዩም። ሲዲ 4ን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ነው ሪባኑን የሚያስርላቸው።

ይህ መሣሪያ የደረሰው በአስፈላጊው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ 5 ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳምባ በሽታ መያዛቸው ይፋ ሆነ። ሪፖርቱ ሲወጣ 2ቱ ሞተው ነበር። ሐኪሞች በአዲሶቹ አንቲቦዲዎች የታማሚዎችን ደም ሲመረምሩ እነዚያ አስተባባሪ ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ጠፍተው አገኟቸው። የቫይረሱ ማንነት ገና አልታወቀም ነበር፤ ጉዳቱ ግን ታየ።

ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪስ ከተገኘ በኋላ «በየት በኩል ነው ወደ ሕዋሱ የሚገባው?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። በ1984 የለንደንና የፓሪስ ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። ለንደኖቹ 155 ዓይነት አንቲቦዲዎችን ሞከሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሲዲ 4ን የሚይዙት 14 ነበሩ፤ 14ቱም ቫይረሱን አገዱት። በሩ ሲዲ 4 ነበር ማለት ነው! ቫይረሱ የሚገባው በራሱ በአስተባባሪው በር ነው።

በሆስፒታል «ሲዲ 4 ቆጠራ» ሲባል የምትሰሙትም ከዚሁ የመጣ ነው። ብርሃን የሚሰጥ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ ከደም ናሙና ጋር ይቀላቀላል፤ ማሽኑ በሌዘር እያበራ የደመቁትን ሕዋሳት ይቆጥራል። በጤነኛ ሰው፣ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1500 ይሆናሉ። ከ200 በታች ከወረደ ለከባድ ተጓዳኝ በሽታዎች ያጋልጣል። ድሮ መድኃኒት ለመጀመር ቁጥሩ እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ2015 ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት እንዲጀምር መክሯል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሰውነታችን በኤች አይ ቪ ላይ አንቲቦዲ ይሠራል። ነገር ግን ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጣል፣ በሕዋስ ውስጥም ይደበቃል፤ ስለዚህ አንቲቦዲው ጠራርጎ አያስወጣውም። መኖሩ ግን ቫይረሱ መግባቱን ይመሰክራል። አንቲቦዲው በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ትናንት ለቫይረሱ ተጋልጦ ዛሬ «ነጻ ነህ» የተባለ ሰው ሊዘናጋ አይገባም፤ ጤና ባለሙያው በሚነግረው ቀን ተመልሶ ይመርመር። እስከዚያው ራሱንም ጓደኛውንም ይጠብቅ። ከተጋለጠ 72 ሰዓት ያልሞላው ደግሞ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መከላከያ መድኃኒት አለ።

ወጣቶች፣ «ቆንጆ ናት፣ ወፍራም ነው፣ ምን ይኖርበታል?» የሚለውን ወሬ ተዉት። ሲዲ 4 እየቀነሰበት ያለ ሰው ኳስ ሲጫወትና ሲስቅ ልታዩት ትችላላችሁ። ሠለጠንን የሚሉ ሐኪሞች እንኳ በዓይናቸው መለየት አልቻሉም፤ አንቲቦዲ አስፈልጓቸዋል። እኛማ በመልክ እንዴት እንፈርዳለን? ሰውን በመክሳቱ አንጠርጥር፣ በማማሩም አንመን። እንመርመር፣ የተመረመረውንም አናግልል።