የመስቀል ወፍና የጨፌ ሣር
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በመስከረም ወር ከነቀምቴ ተነሥቶ በጊዳ አያና በኩል ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ መንገደኛ፥ ከረዥም ሣር ጫፍ ላይ እንደ ፍም የቀላች ትንሽ ወፍ ተቀምጣ ለማየት ይችላል። ይህችን ወፍ ሕዝባችን «የመስቀል ወፍ» ይላታል። ከዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ወዳጅም «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንህ?» እየተባለ ይወቀሳል።

ነገር ግን ወፏ በከንቱ ትታማለች። ስሙ በየአገሩ ለልዩ ልዩ ወፎች የሚሰጥ ቢሆንም፥ ከነዚህ ብዙዎቹ አገር ጥለው የሚሄዱ አይደሉም። ወንዱ የመራቢያው ወራት በክረምት ሲደርስ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ ይለብሳል። በጋ ሲገባ ግን ጌጡን አውልቆ፥ እንደ ሴቲቱ ድንቢጥ የሚመስል ቡናማ ልብሱን ይለብሳል። ስለዚህ በጥር ከአውድማ ዳር ጥሬ ስትለቅም የምናባርራት ወፍ ያችው የመስከረሟ እንግዳ ልትሆን ትችላለች። እርስዋ አልተለየችንም፤ እኛ ግን ሳናውቃት እንኖራለን።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ይህች ወፍ ጎጆዋን የምታገኘው ከዛፍ ላይ ሳይሆን ከረዥም ሣር መካከል ነው። ወንዱ የሣሩን አገዳ አያይዞ ይሠራል፤ ሴቲቱ በውስጡ ዕንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ በነሐሴ ሣሩ ቢታጨድ፥ በከብት ቢረገጥ ወይም ቢታረስ የዚያ ዓመት ጫጩት ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

እንዲህ ያለው ሣር በወለጋ ምድር በብዛት የሚገኘው ከጨፌ ነው። ጨፌ ውሃ የማይለየው ለምለም መስክ መሆኑን አማርኛ ተናጋሪም ኦሮምኛ ተናጋሪም ያውቃል። የኦሮሞ አባቶች ግን በመስኩ ላይ ተሰብስበው ሕግ ይደነግጉበት ስለ ነበር፥ ቃሉ የሸንጎ ስም ጭምር ሆነ። የክልሉ ምክር ቤት ዛሬ «ጨፌ ኦሮሚያ» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። መስኩና ሕጉ በአንድ ስም መጠራታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ጨፌ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዝና በበጋ ቀስ በቀስ ለምንጩና ለጅረቱ ይለቀዋል። ጅረቶቹም ወደ አንገርና ወደ ዴዴሣ፥ በመጨረሻም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ዛሬ ግን የእርሻ መሬት ስለ ጠበበ፥ ቦይ እየተቆፈረ ውሃው ይፈስሳል፤ በስፍራውም በቆሎ ይዘራል ወይም ባሕር ዛፍ ይተከላል። የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ያስደስታል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የደረቀ ጨፌ በቀላሉ አይመለስም፤ በሚያዝያ ወር ከብቱን ውሃ የሚያጠጣበት ያጣ ሰው ያን ጊዜ ቢጸጸት አይጠቅመውም።

«ታዲያ ማን ይጠብቀው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በአገራችን ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፥ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ስፍራዎችን መርምሮ በ1996 እ.ኤ.አ. ዘርዝሯል። ሆኖም በየመንደሩ ያለውን ትንሽ ጨፌ ሁሉ በመዝገብ አስፍሮ ዘበኛ ሊያቆምለት የሚችል ማኅበርም መሥሪያ ቤትም የለም። ጠባቂው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ጎረቤት ሊጠብቅ መቻሉን የመንዝ ሕዝብ አሳይቷል። በሰሜን ሸዋ ጓሳ የሚባል፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታና 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣር አገር አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ፥ ከወፎችም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ አንዳንድ ዓይነቶች ይኖሩበታል። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ይህ ቃል በኦሮምኛ ወጣቱን ከሚያመለክተው ቃል ጋር በድምፅ እንጂ በትርጉም አይገናኝም። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ትእዛዝ ጓሳው ለሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለግጦሽ ይውላል። ሕግ የጣሰ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ዐዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ያመጣ መሆኑ አይካድም፤ ጓሳው ግን ባለቤት እንደሌለው ሆነና ያለ ልክ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። በኋላ ሕዝቡ ጉዳቱን ተመልክቶ፥ ከየቀበሌው በተመረጠ ኮሚቴ አማካይነት ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ፤ የአማራ ክልል መንግሥትም በሕግ አጸናለት። ከዚህ የምንማረው፥ ጓሳን ያቆየው ሰው እንዳይነካው መከልከሉ ሳይሆን መቼ እንደሚነካ መወሰኑ ነው።

አንዳንድ ገበሬ «ወፍ እህል ይበላብኛል፤ ልጄ ወንጭፍ ይዞ ከማማ ላይ የሚውለው በከንቱ ነውን?» ይል ይሆናል። እውነት አለው። የግሪሳን መንጋ ታገሡ የሚል ሰው የለም፤ ልጁም ማማውን አይተው። ነገር ግን ጥሬ የሚለቅሙት ከነዚህ ወፎች ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት አባ ጨጓሬና ፌንጣ እየመገቡ መሆኑ አይዘንጋ።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የድኻው ነው። አንዲት ላም ብቻ ያለችው ሰው፥ ጨፌው ክረምቱን ሙሉ ቢዘጋ ላሟን የት ያግዳታል? ስለዚህ ጨፌው ሁሉ በአንድ ቀን ይዘጋ አልልም። የጊዳ አያና የየቀበሌው ሽማግሌዎችና ወጣቶች፥ ሴቶችም ጭምር፥ ተሰብስበው ከጨፌው አንዱን ክፍል ብቻ ይከልሉ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከብትም ማጭድም አይግባበት። ጫጩቱ በርሮ ሣሩ ሲደርስ ይከፈት፤ ሲታደልም ከብት የበዛለት ሳይሆን ላም አንዲት ያለችውና ባሏ የሞተባት ሴት አስቀድመው ይጨዱ። በክልሉ ውስጥ ቦይ እንዳይቆፈር፥ ባሕር ዛፍም እንዳይተከል ይወሰን። ድኻው የሚጠቀምበት ሕግ ድኻው ራሱ የሚጠብቀው ሕግ ይሆናል።

ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከመጪው ሰኔ በፊት አንድ ስብሰባ ነው። አባቶቻችን በጨፌ ላይ ተቀምጠው ስለ ሰው ሕግ አውጥተዋል። እኛ ደግሞ ስለ ጨፌው ስለ ራሱ አንድ ሕግ ብናወጣ፥ ልጆቻችን የመስቀልን ወፍ በተረት ሳይሆን በዓይናቸው ያውቋታል።