ቤት ያፈራው መከላከያ
የጓዳ ምግብና የሰውነት በሽታን የመከላከል ኃይል




በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ምግብ ለብዙ ዓመታት ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ሲስተማር ኖሯል። እህልና ቅባት ከመጀመሪያው፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል ከሁለተኛው፣ አትክልትና ፍራፍሬ ከሦስተኛው ይመደባሉ። ይህ አከፋፈል ለማስታወስ የሚቀል በመሆኑ ብዙ ጠቅሟል። ሆኖም ሳይታሰብ አንድ የተሳሳተ እምነት አትርፏል፤ ይኸውም በሽታን የሚከላከሉት ብርቱካንና ካሮት ብቻ ናቸው፣ እነዚህን መግዛት ያልቻለ ቤተሰብም ከመከላከያው ውጭ ቀርቷል የሚል ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። የሰውነት መከላከያ ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከጓሮ ጎመኑና ከዘይቱ ጭምር ይገነባል።

ሰውነት ከበሽታ የሚጠበቀው በአንድ መሣሪያ አይደለም። የመጀመሪያው አጥር ቆዳና የአፍንጫ፣ የሳንባና የአንጀት ውስጣዊ ልባስ ነው። ይህን አጥር ጥሶ የገባውን ተሐዋስ ነጭ የደም ሕዋሳት ይገጥሙታል፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ ተሐዋሱን የሚያመክኑ ፀረ አካላትን ያመርታሉ። ፀረ አካል ራሱ ፕሮቲን ነው። ነጭ የደም ሕዋሳትም በሽታ ሲመጣ በፍጥነት መባዛት ስላለባቸው ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ፎሌትና በቂ ኃይል ይሻሉ። ስለዚህ ገንቢ የተባለው ምግብ ተከላካይ፣ ኃይል ሰጪ የተባለውም እንዲሁ ተከላካይ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኔቪን ስክሪምሾ፣ ካርል ቴይለርና ጆን ጎርደን በዓለም የጤና ድርጅት በታተመው ጽሑፋቸው የምግብ እጥረትና ተላላፊ በሽታ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ በሰፊው አስረድተዋል። የታመመ ሕፃን የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ትኩሳቱ የሰውነቱን ጥሪት ያሟጥጣል፤ ተቅማጡ የበላውን ሳይጠቀምበት ያስወጣበታል። ከስቶና ደክሞ ሲነሣ ደግሞ ለሚቀጥለው በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ቁጥር የቁመት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ደጋግሞ የመታመምና ሳያገግሙ የመታመም ታሪክም ነው።

እንግዲህ ጓዳው ምን ይዟል? በቅድሚያ የሚጠቀሰው የእህልና የጥራጥሬ ጋብቻ ነው። እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ግን ይህን በብዛት ይዟል። ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን የተባለው ሲያንሰው እህሉ ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎም እንደዚሁ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ምግቦች ናቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የተዘጋጀው ፋፋ የተባለው ምግብም እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐድ በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ጥራጥሬው ከቤት መጥፋቱ ሳይሆን፣ ከወጡ ፍሬው ለትልልቆቹ ሲደርስ ለሕፃኑ በመረቁ የራሰ እንጀራ ብቻ መቅረቡ ነው።

ሁለተኛው ዚንክ ነው። የሐኪም አናንዳ ፕራሳድ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በኢራንና በግብፅ ገጠሮች እንዳሳየው፣ ያልቦካ የስንዴ ቂጣን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ወጣቶች በዚንክ እጥረት ዕድገታቸው ይቀጭጭ ነበር። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ዚንክንና ብረትን አስሮ አንጀት እንዳይመጥጣቸው ያደርጋል። ቡኮና ብቅል ግን ይህን እስር ይፈታሉ። ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚቦካው የጤፍ ሊጥ የፋይቴቱ መጠን ይቀንሳል። ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅልም ለሕፃን ገንፎ ሊውል ይችላል፤ በሚገባ በቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ጥቂቱ ከገንፎው ጋር ቢበስል ገንፎውን ያቀጥነዋል። በዚህም ሕፃኑ በውሃ ብዛት ሳይሆን በብቅሉ ኃይል የቀጠነና ብዙ እህል ያለበት ምግብ ያገኛል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ግን ከምግቡ ሌላ የዚንክ ክኒን ያስፈልጋል፤ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ መክረዋል።

ሦስተኛው ቫይታሚን ኤ ነው። የአንጀትና የሳንባን ልባስ ጤንነት የሚጠብቀው ይህ ቫይታሚን ነው። አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቹ በኢንዶኔዥያ አቼ አውራጃ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመው ጥናት፣ ቫይታሚን ኤ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ካልተሰጠባቸው በ34 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለዓይን ብቻ ይታሰብ የነበረው ቫይታሚን የሕይወት ጠባቂ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው የስኳር ድንች ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቀለም ይይዛሉ፤ ነጩ የስኳር ድንች ግን ከዚህ ቀለም ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ቀለም ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። ስለዚህ በጎመኑ ላይ የሚጨመረው አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ወይም ከጎኑ የሚቀርበው የኑግ፣ የተልባና የሰሊጥ ቅባት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

ቫይታሚን ሲን በሚመለከት ስሙ የገነነው ብርቱካን ቢሆንም፣ ጥሬ ቃሪያ በክብደት ሲመዘን ከብርቱካን ይበልጣል። የኖቤል ተሸላሚው አልበርት ሴንት ጆርጂ ይህን ቫይታሚን በብዛት ያወጣው ከሀንጋሪ በርበሬ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ቫይታሚን በሙቀት ይጠፋል፣ በውሃም ይሟሟል። ጎመንን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ብዙውን ጥቅም አብሮ መድፋት ነው። ቃሪያን በጥሬው ማቅረብ፣ ከምስሩም ላይ ሎሚ መጭመቅ በምስሩ ያለው ብረት በተሻለ እንዲመጠጥ ይረዳል። በአንጻሩ ቡናና ሻይ ብረትን ያግዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረቱ መመጠጥ በ39 በመቶ ቀንሷል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ጉዳት አልታየም። ቡናን ማንም እንዲተው አይጠየቅም፤ ነፍሰ ጡሯና ደም ማነስ ያለባት ሴት ግን ቡናዋን ከምሳዋ ብታርቀው ያለ አንዳች ወጪ ትጠቀማለች።

ስለ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም መናገር ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በአዲስ አበባ ገበያ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ተፈላጊነታቸው እጅግ ጨምሮ ዋጋቸው ናረ። ነጭ ሽንኩርት መልካም ምግብ መሆኑ አይካድም፤ ከአዲሱ ቫይረስ ስለ መጠበቁ ግን ማስረጃ እንደሌለ የዓለም የጤና ድርጅት በጊዜው አስታውቋል። አንድን ምግብ መድኃኒት አድርጎ መስበክ ሁለት ጉዳት ያስከትላል፤ ድኃው የምስሩን ገንዘብ ለነጭ ሽንኩርት ያውላል፣ የበላውም ሰው ክትባትንና ሕክምናን ይዘነጋል። ማርን በነጭ ሽንኩርት አዋሕዶ ለሕፃን መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ለአራስ ሕፃን የመጀመሪያው መከላከያ በፀረ አካላት የበለጸገው የእናቱ እንገር ነው፤ እስከ ስድስት ወርም የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል።

ከስድስት ወር በኋላ ግን ጓዳው ኃላፊነቱን ይረከባል። በዚህ ጊዜ የጾም ነገር ይነሣል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም። ይሁን እንጂ በጾም ወራት ዕቃው የፍስክ እንዳይነካው በመስጋት ዕንቁላልና ወተት በቤት ሳይሠራ ይቀራል፤ ሕፃኑም ሳይታሰብ ይጾማል። ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አንዲት ድስትና አንዲት ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ ሥርዓቱንም ልጁንም የሚያስከብር መፍትሔ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ምግብ ስለማይገኝ ነገሩ ቀላል አይደለም።

የጓዳው ንጽሕናም ከይዘቱ አይለይም። በእርጥብ ቦታ የተቀመጠ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ሲሻግት አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፤ ይህም ጉበትን ይጎዳል። መርዙ በተራ ማብሰል አይጠፋም፤ ሻጋታውን ጠርጎ መፍጨትም አያድንም። እህልን በደንብ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የጤና ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ለጤና ባለሙያው ነው። «የተመጣጠነ ምግብ ይመገቡ» የሚለው ምክር ለመናገር ይቀላል፤ ለእናቲቱ ግን በቤቷ ያለውን አያሳያትም። ከምክሩ በፊት ጥያቄ መቅደም አለበት። በጓዳው ምን አለ? ፍሬው ለማን ይደርሳል? ሕፃኑ ሲታመም ምግቡ ይቀነሳል ወይስ ይደጋገማል? የዶሮዋ ዕንቁላል ለገበያ ሲሄድ ለልጁ አንድ ይቀራልን? ባዶ ጓዳ ላላት እናትም ምክር ብቻ አይበቃም፤ ርዳታ ወደሚገኝበት ማድረስ ግዴታ ነው። የታመመ ሕፃን ጡትና ምግብ ሳይቋረጥበት፣ ሲያገግምም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ሊሰጠው ይገባል። ጓዳው ክትባትን አይተካም፤ ንጹሕ ውሃንም አይተካም። ሕፃኑ ግን ክትባቱን በዓመት ጥቂት ጊዜ ሲወስድ፣ ከጓዳው የሚበላው በየቀኑ ነው።