ደረሰኝ የሌለው ቅጣት

(ከማኅበራችን አባላት አንዷ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ያቀረበችው ንግግር ነው። በአባላት ጥያቄ በዚህ እትም ታትሟል።)



ሰብሳቢያችን «አንቺ ከውጭ እንግዶች ጋር መኪና ውስጥ ስለማትጠፊ የትራፊኩን ነገር ንገሪን» ብላ ስታዘኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ መሪ ጨብጬም አላውቅም። ቤት ስገባ ግን ነገሩን አሰብኩት። እንግዶቻችንን በአስተርጓሚነት ይዤ ከሐዋሳ እስከ ገደብ ስመላለስ ስንት ጊዜ እንደቆምን እኔ ነኝ የማውቀው። ፖሊስ እጁን ሲያነሳና መስኮቱ ዝቅ ሲል ሁለቱም ወገን ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ መንዳት ሳይሆን መሀል ሆኖ ስለ መናገር ነው። አንድ የራሴን ጥፋትም እናገራለሁ።

ዲላ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ የሚወርደው አውራ ጎዳና መሀላችንን አቋርጦ ያልፋል። ይህ መንገድ ብዙ የውጭ ሰው ያመጣብናል። ይርጋጨፌ ቡና ሊቀምስና ሊገዛ የሚመጣ አለ። ዩኒቨርሲቲያችን ሊያስተምር የሚመጣ አለ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ሲፈናቀል ለእርዳታ የመጡትን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ ደግሞ ትክል ድንጋዮቻችንን ለማየት የሚመጣም አለ።

አብዛኞቹ ሹፌር ይዘው ይመጣሉ። ራሳቸው የሚነዱም አይጠፉም። ከኬንያ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከሕንድ የመጣ ሰው በአገሩ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ እኛ ጋ በቀኝ ነው። ሲደክመው ወይም ድንገት ሲደነግጥ እጁ ወደ ለመደው ጎን ያደላል። መንገዱ ላይ ደግሞ ባጃጅ አለ፣ ከብት አለ፣ እንሰት ተሸክማ የምትሻገር እናት አለች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ።

አሁን ፖሊሱ ወደሚያስቆምበት ልምጣ። እንግዳው መንገድ ላይ የሚያስቆመውን ሁሉ አንድ አድርጎ ያየዋል። ሦስት ዓይነት መሆኑን ብትነግሩት ግማሹ ፍርሃቱ ይለቀዋል። አንደኛው ትራፊክ ፖሊስ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ይጠይቃል፤ ቀበቶ መታሰሩን፣ ስልክ በእጅ አለመያዙን፣ ጎማና መብራቱን ያያል። ሁለተኛው የጸጥታ ፍተሻ ነው። እዚያ የሚፈለገው የሰውየው ፓስፖርትና የእናንተ መታወቂያ ነው፤ ውረዱና ሻንጣ ክፈቱም ሊባል ይችላል። ሦስተኛው ገመድ የተዘረጋበት ኬላ ነው፤ የሚታየውም ጭነት ነው። በቡና አገር ስለምንኖር፣ ለእንግዳችን በስጦታ የሰጠነው ቡና እንኳ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ስጦታው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ዝግጁ ሁኑ።

ጥፋቴን አሁን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የውጭ አገር ሴት ሥራችንን ልታይ መጣች። መኪናውን የምትነዳው ራሷ ነበረች። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከፊታችን የነበረውን አይሱዙ ባልተቆራረጠው መስመር ላይ ቀደመችው። ትንሽ እንደሄድን ፖሊስ አስቆመን። የቱ ቦታ እንደሆነ አልናገርም። መንጃ ፈቃድ ሲጠይቃት የአገሯን አሳየችው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ክስ ልጻፍባት ወይስ እዚሁ እንጨርሰው?» አለኝ። እኔም ሰዓቱን አየሁ። ሴቶቻችን ስብሰባ ላይ እየጠበቁን ነበር። «አምስት መቶ ብር ከሰጠሽው ይለቀናል» አልኳት። «ይህ ሕጉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው» አልኳት።

ሰጠችው። ቀጥላም «ደረሰኙስ?» አለች። «ደረሰኝ የለውም» አልኳት። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ አላወራንም።

ከወር በኋላ ሰብሳቢያችን አስጠራችኝ። እንግዳዋ የጉዞ ወጪዋን ስታወራርድ «500 ብር፣ በአስተርጓሚዋ ምክር ለፖሊስ የተሰጠ፣ ደረሰኝ የሌለው» ብላ ጽፋ ኖሮ፣ ከድርጅቷ ጥያቄ መጥቷል። ሰብሳቢያችን ዓይን ዓይኔን እያየች «ከአምስት መቶው ስንቱ ላንቺ ደረሰሽ?» አለችኝ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ግን በምን ላስረዳ? ደረሰኝ የለማ! ያን ቀን ነው የገባኝ። ደረሰኝ የሚጠቅመው ገንዘብ ለሚያወጣው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መሀል ለቆመውም ምስክሩ እሱ ነው። አምስት መቶውን ከቁጠባዬ አውጥቼ ከፈልኩ፤ ስሜ ግን በገንዘብ አልተመለሰም። ሰብሳቢያችን እንደገና እንግዳ አደራ እስክትሰጠኝ ሁለት ዓመት ፈጀ።

እስቲ እኛ ራሳችንን እንይ። ስብሰባ የምታረፍድ አባል 20 ብር ትቀጣለች። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ በዓመቱ መጨረሻ ይነበባል። «ያለ ደረሰኝ አሥር ብር ስጪኝና ስምሽን ልተወው» ብትል ዝም እንላታለን? አንላትም። ማኅበራችን የቆመው በዚህ ነው። ታዲያ በር ላይ የማንቀበለውን ነገር መንገድ ላይ ለምን እንቀበላለን?

የመንገድ ቅጣትም እንዲሁ የተጻፈ ሕግ አለው። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ደንብ፣ ቁጥር 557፣ ወጣ። ጥፋቱ በእርከን የተከፋፈለ ነው። የብሩ መጠን በየጊዜው ስለሚለወጥ አፋችን ላይ ያለውን ቁጥር አንመን፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እርከን እንጠይቅ። ዋናው ቁም ነገር ግን ብሩ አይደለም። ጥፋት ሲጻፍ በአሽከርካሪው ላይ ይመዘገባል፤ ሲደጋገምም መንጃ ፈቃዱን እስከ መታገድ ያደርሰዋል። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ግን የትም አይመዘገብም። አጥፊው ነገም እንደ አዲስ ሰው ይነዳል።

ይህን የምለው ስለ ወረቀት ጭንቀት ይዞኝ አይደለም። መንገድ ዳር አቮካዶና አናናስ የምትሸጠውን እህታችንን ታውቋታላችሁ። ልጇን መኪና ገጭቶት እግሩ እንደተጎዳ አለ። ሹፌሩ የአገራችን ሰው ነው፣ የውጭ ሰው አይደለም። ያ ሰው ከዚያ ቀን በፊት በፍጥነት ሲነዳ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ ስንት ጊዜም ለሻይ ብሎ እንዳለፈ ማን ያውቃል? የተጻፈ ነገር የለማ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከሁሉ በላይ የሚገድለውም ይኸው ነው። ዕድሜያቸውን ስሙልኝ። የእኛ ልጆች ዕድሜ ነው።

ሁለተኛውን ታሪክ ልንገራችሁና ወደ ምክሩ እገባለሁ። አምና ከአንድ እንግዳ ጋር ወደ ኮቸሬ ስንሄድ አንዲት ሴት ትራፊክ ፖሊስ አስቆመችን። ሰውየው እየነዳ ስልክ ሲያናግር አይታዋለች። ተናደደ። «እኔ እኮ እነሱን ልረዳ ነው የመጣሁት፤ ይህን ንገሪያት» አለኝ። «የምትለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ፤ በእርግጥ ይነገር ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ፓስፖርቱን ስትጠይቀው ግን መሀሉ ላይ ብር አጥፎ ሰጣት። እሷም ከፈተችው፣ ብሩን አወጣችና በአክብሮት መለሰችለት፤ «ገንዘብዎ ፓስፖርትዎ ውስጥ ተረስቷል፤ ያስቀምጡት» አለችው። ያለችውን እንዳለ ተረጎምኩ። ሰውየው ፊቱ ቀላ።

ክሱን ጻፈች፣ መንጃ ፈቃዱን ይዛ ወረቀቱን ሰጠችው፣ የት ሄዶ እንደሚከፍልም ነገረችው። አልዋሻችሁም፣ ቀላል አልነበረም። መክፈያው ቦታ ሄደን መንጃ ፈቃዱን እስክናስመልስ ግማሽ ቀን አለፈ። ኮቸሬ ያሉ እናቶች ቡና አፍልተው ሲጠብቁን ዋሉ፤ አልደረስንም። በትክክለኛው መንገድ መሄድም ዋጋ አለው። ግን ማታ ላይ ሰውየው ደረሰኙን እያሳየኝ «ይህንን ከኪሴ ነው የምከፍለው፤ ድርጅቱ አይመለከተውም» አለኝ። በማግስቱ ስልኩን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ነዳ። እኔም ማንም አስጠርቶ ምንም አልጠየቀኝም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየሰማን ነው ያደግነው። ያቺ ፖሊስ ግን ተረቱን አልሰማችውም፤ ወይም ሰምታ ትታዋለች። ስንት እንደ እሷ ያሉ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆመው እንደሚውሉ አንርሳ። እኛ «ስጠውና እንሂድ» ባልን ቁጥር የእነሱን ሥራ ነው የምናበላሸው።

አሁን ምክሬን ልበል። እንግዳ ይዛችሁ ለምትሄዱ እህቶቼ ነው።

ከመንገድ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። እዚህ ሥራ ይዞ የሚኖር የውጭ ሰው የአገሩን መንጃ ፈቃድ በኤምባሲውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ማስቀየር አለበት፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ይህ የሌለው ሰው ሹፌር ይዞ ይምጣ። አፈር ማስመሰል የለም፤ እንግዳችን ቢከፋው ይሻላል። የሦስተኛ ወገን መድንም ይታይ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። አደጋ ቢደርስ ተጎጂውን የሚያሳክመው እሱ ነው።

«የእርዳታ ድርጅት ታርጋ ስላለኝ አይነኩኝም» የሚል ካለ እውነቱን ንገሩት። ከለላ ያላቸው ዲፕሎማቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 41 የሚኖሩበትን አገር ሕግ የማክበር ግዴታ አለባቸው።

ፖሊስ ሲያስቆም ሹፌሩ ቀኝ ዳር ይያዝ፣ ሞተር ያጥፋ፣ ሰላምታ ይስጥ። ሰላምታ በእኛ አገር ግማሽ ሥራ ነው። ፖሊስንም ሆነ ፍተሻን በስልክ ፎቶ አያንሳ። እናንተ ስታስተረጉሙ የሁለቱንም ቃል እንዳለ አድርሱ፤ ከራሳችሁ ዋጋ አትቁረጡ፣ አታደራድሩ።

ገንዘብ በእጅ ከተጠየቀ ድምፃችሁን ሳታነሱ «ጥፋት ካለ ክሱን ይጻፉልን፤ በደረሰኝ እንከፍላለን» በሉ። ይህን ብሎ የተሰደበ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይህን ብሎ የተዋረደ ግን የለም። ጉቦ በአዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚያስጠይቀው ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ነው። ያለ አግባብ ከተያዛችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፋችሁ ለማኅበሩ አምጡ፤ በማኅበሩ ስም ለፖሊሱ አለቆች አቤት እንላለን። መንገድ ላይ ብቻችሁን አትከራከሩ።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ በምንልከው የግብዣ ደብዳቤ ላይ ይህ ይጨመር፦ «ማኅበራችን ደረሰኝ የሌለው ቅጣት አይከፍልም፤ አስተርጓሚዎቻችንም እንዲህ ያለ ገንዘብ አያቀብሉም። የመንገድ ቅጣት የአሽከርካሪው የግል ዕዳ ነው።» ድጋፍ የምታደርጉልን ወዳጆቻችንም ይህን ስታነቡ ክፉ አትጠርጥሩ፤ እናንተንም እኛንም የሚጠብቅ አጥር ነው።

እኔ ያን ቀን «እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው» ብዬ ስለ አገሬ ውሸት ተናገርኩ። ዛሬ በእናንተ ፊት ቃሌን አነሳለሁ። እዚህ እንዲህ አይደረግም፤ ቢያንስ በእኛ አፍ አይደረግም።