«አብሽር» ደንበኛ አይደለም
(ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የማወራው ስለ ሥራ ነው። አፕ እየጻፋችሁ፣ የቴሌግራም ቻናል ከፍታችሁ፣ «ስታርታፕ ጀምሬያለሁ» ለምትሉ ልጆች ነው። ብዙዎቻችሁ ገንዘብ የለንም፣ ተፎካካሪ በዝቷል ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን እኛን ከሁሉም ቀድሞ የሚጥለን ሌላ ነገር አለ፤ ይሉኝታ።

ከራሴ ልጀምር። ከጦርነቱ በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የሐይቅን ዓሣ ከደሴ ሆቴሎች ጋር የሚያገናኝ አፕ ሠራን። አጥማጁ ጠዋት ያወጣውን ቆሮሶ ይመዘግባል፣ ሆቴሉ ያዛል፣ እኛ ከየትዕዛዙ ትንሽ እንወስዳለን። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ነው። ምን ይጎድላል? ስድስት ወር ቤት ዘግተን ኮድ ጻፍን። ጨርሰን ለሰው ስናሳይ ሁሉም «ማሻአላህ»፣ «እግዜር ይባርካችሁ»፣ «አብሽሩ» አለን። በደስታ እንቅልፍ አጣን።

በመጀመሪያው ወር ስንት ትዕዛዝ መጣ? አራት። ሁለቱን ያዘዘው የጓደኛዬ አጎት ነው።

ያኔ ነው ሌሊት ተነስተን ሐይቁ ዳር የወረድነው። አንድ ትልቅ ሰው ከጀልባ ሲወርዱ ጠበቅናቸው። «አባባ፣ አፑን ወደዱት?» አላልንም። «ትናንት ያወጡትን ለማን ሸጡ? እንዴትስ ከፈለዎት?» አልን። ሳቅ አሉና እውነቱን ነገሩን። አንድ ነጋዴ በባጃጅ ይመጣል። ትልቁንም ትንሹንም ሳይመርጥ ይወስዳል፣ እዚያው ብር ይቆጥራል። መረባቸው ሲቀደድ ደግሞ ያበድራቸዋል። በእኛ አፕ ግን ሆቴሉ ትልልቁን ብቻ መርጦ፣ የሚከፍለው ከሳምንት በኋላ ነው። «ልጆቼ፣ አብሽሩ ያልኳችሁ እንዳይከፋችሁ ብዬ እኮ ነው» አሉን።

እኛ ተፎካካሪ የፈለግነው ፕሌይ ስቶር ላይ ነበር። እዚያ ስናጣ «ብቻችንን ነን» ብለን ጨፈርን። ለካ ተፎካካሪያችን አንድ ባጃጅና አንድ ደብተር ነበረው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው፦ ተፎካካሪህ የአንተን የሚመስል አፕ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ደንበኛህ ዛሬ ችግሩን የሚፈታበት መንገድ ሁሉ ተፎካካሪህ ነው። ደላላው፣ ደብተሩ፣ አንድ የስልክ ጥሪ፣ «ተወው ይቅር» ብሎ መቀመጥ እንኳ። ደላላን መስደብ ቀላል ነው። ግን ሰው በከንቱ አይከተለውም። ጥሬ ብር፣ ብድር፣ እምነት ይሰጣል። ከእነዚህ አንዷን ከእሱ በተሻለ ካልሰጠህ፣ አፕህ ጌጥ ነው።

ራይድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳምራዊት ፍቅሩ አዲስ አበባ ላይ የጀመረችው ራሷ ከምታውቀው ችግር ነው፦ አምሽቶ ከሥራ ሲወጡ ታክሲ ማጣት፣ ሲገኝም በዋጋ መከራከር። የመጀመሪያ ተፎካካሪዋ መንገድ ዳር ቆሞ መደራደር የሚባለው ልማድ ነበር። ዛይራይድና ፈረስን የመሳሰሉትም በዚያው ገበያ አሉ። ራይድ በአፕ ብቻ አልቀረም፤ በ8294 ተደውሎም ይታዘዛል። ስማርት ስልክ የሌላት እናትም ደንበኛ መሆን ቻለች ማለት ነው።

ይኼ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መዘጋቱን ማን ይረሳል? በኢንተርኔት ብቻ ይኖር የነበረ አገልግሎት በዚያው ቀን ቆመ። የደንበኛውን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ግን ደወለ። እናም ከመጀመሪያው በጥሪና በአጭር መልእክት የሚሠራ መንገድ አዘጋጁ።

ሁለተኛው ነገር አስተያየት መስማት ነው። እናንተ የአምባሰል ልጆች የውጫሌን ውል ማንም አያስተምራችሁም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመ አንድ ውል፣ አንቀጽ 17ቱ ግን ሁለት። በአማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። መዘዙ እስከ ዓድዋ ሄደ። እኛም ከደንበኛ ጋር በየቀኑ እንዲህ ያለ ውል እንፈርማለን። እሱ «እሞክረዋለሁ» ይላል፤ እኛ «ይገዛል» ብለን እንጽፋለን። እሱ «አብሽር» ይላል፤ እኛ «ደንበኛ ተገኘ» እንላለን።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? «ትወደዋለህ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ይሉኝታ ይመልስልሃል። «ባለፈው ሳምንት ምን አደረግህ? ስንት አወጣህ? ምን አስቸገረህ?» በለው። ከዚያ አፉን ትተህ እጁን እይ። የኬንያው ኤም ፔሳ ሲሞከር የታሰበው ትንንሽ ብድር የወሰዱ ሰዎች በስልክ እንዲመልሱበት ነበር። ሰዎቹ ግን ገንዘብ ለዘመድ ይላላኩበት ጀመር። ባለቤቶቹ «ተሳስታችኋል» አላሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎቱን በይፋ ሲያስጀምሩ ዋና ሥራው ገንዘብ መላክ ሆነ።

ሦስተኛው፣ ደንበኛ ማግኘት። «ለመላው ወሎ» ብለህ አትጀምር። አሥር ሰው ፈልግ። ውጫሌ ላይ የእህል ዋጋ በስልክ ላሳውቅ ካልክ፣ አሥር ገበሬ በስም እወቅ፤ አፕ ሳትጽፍ ለአንድ ወር ራስህ ደውለህ ንገራቸው። አንድ ቀን ስትቀር «ምነው ዛሬ አልደወልክም?» የሚልህ ካለ፣ ሥራ አለህ። ከሌለ ስድስት ወር ኮድ ከመጻፍ ተረፍክ። ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብለህ አትደብቅ፤ የተደበቀ ሐሳብ ደንበኛ አያገኝም።

ትልቁ ሲመጣስ? ኤም ብርና ሄሎካሽ በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስን ቀድመው ጀመሩ፤ ግንቦት 2013 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ደንበኞቹ ጋር ቴሌብርን ይዞ ገባ። ከእንዲህ ያለ ግዙፍ ጋር በስፋት አትወዳደርም። ግን ግዙፉ የእኚያን አጥማጅ መረብ መቼ እንደሚቀደድ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። እሱ የሠራውን መክፈያ ተጠቀምበትና እሱ የማይደርስበት ቦታ ቁም።

እኛም አፑን ዘጋነው። ሦስት ሆቴልና ሁለት አጥማጅ ብቻ ያዝን። ማታ ማታ ለሆቴሎቹ እየደወልን «ለነገ ስንት ኪሎ?» እንላለን፤ ለአጥማጆቹ ካጠራቀምናት ብር እዚያው እንከፍላለን፤ ዓሣውን ገፈን፣ አጥበን እናደርሳለን። በዐቢይ ጾም ፍላጎቱ ሲጨምር ሦስቱ ሆቴል ሰባት ሆነ። ትርፉ ብዙ አልነበረም፤ ግን እውነተኛ ነበር።

ከዚያ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ደረሰ። የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አልዘረዝረውም። ስንመለስ ሚዛናችንም ማቀዝቀዣችንም የለም። ተቀምጠን ሳለ ስልክ ጮኸ። ከደሴ አንዷ ባለሆቴል ናት። «ተርፋችኋል? ተመስገን! ዓሣው መቼ ይመጣል?» አለችን።

ወገኖቼ፣ አስተያየት ማለት ይኼ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም «አብሽር» ባይለኝ ግድ የለኝም።

አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። «ወገኔ ነውና ይግዛኝ» አትበሉ። የወገን ፍቅር አንድ ቀን ይገዛልሃል፤ በሁለተኛው ቀን የሚመልሰው ጥራትህና ቃልህ ነው። ወገንህን የምትወድ ከሆነ ያልበሰለ ነገር አትሽጥለት።

የቤት ሥራችሁ፦ እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ድረስ አሥር ሰው ጠይቁ። ስለ ሐሳባችሁ ሳይሆን ስለ ችግራቸው። የሰማችሁትን እዚህ ጻፉልን፤ የመረረውን ጭምር።

በርቱ!