ስድስት ጎራሽ በቆላ ሙቀት
የአሮጌ ሽጉጥ ምርመራና የተኩስ ፍተሻ



ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ደብረ ሲናን ቁልቁል ያለፈ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ጋቢውን አጥፎ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ በሣጥን ተቆልፎ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሽጉጥ ግን ከነጥይቱ ያን ሙቀት ዓመት ከዓመት ችሎ ይቀመጣል። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው። ዕድሜው ከባለቤቱ ዕድሜ የበለጠ ስድስት ጎራሽ ለባለሙያ ቀርቦ «ይተኩሳል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ምን ታይቶ፣ ምን ተለክቶ መልስ ይሰጣል?

ይፋት ለጦር መሣሪያ እንግዳ አገር አይደለም። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው የነጋዴ መንገድ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። በ1833 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ አምጥቷል። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በታጁራ በኩል የንግድ ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ገብቷል። ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በብዛት የታየው ከዚያ ወዲህ ነው። ወደ አገራችን ከገቡት መካከል በተለይ ሁለቱ ለመሐንዲስ ዓይን ጥሩ ትምህርት ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው ጣሊያን በ1889 በአውሮፓ አቆጣጠር ለሠራዊቱ የመረጠው ቦዴዎ ነው። ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከቅርጹ የተነሣ ጣሊያኖች ራሳቸው «የበግ ጭን» ይሉታል። አካሉ ድፍን ነው፤ ጥይቱ በጎን ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ ይገባል። በሯ ስትከፈት መምቻው ከምላጩ ይለያል፤ ስለዚህ ምላጩ ሲሳብ ጥይት የያዘው ክፍል ይዞራል እንጂ አይተኩስም። ሐሳቡ እጅግ ብልህ ነው። ይሁንና ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያች ትንሽ ብረት ጥርስ ተበልቶ እንደሆነ ማንም ከውጭ አያይም፤ ሽጉጡ ባዶ ሳለ ደጋግሞ መሞከር ግድ ነው።

ሁለተኛው እንግሊዞች በ1932 በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀበሉት፣ ጣሊያን ድል በተመታበት በ1933 ዓ.ም. የነበረው ሠራዊታቸው የታጠቀው ኤንፊልድ ነው። ይህኛው ከወገቡ ይሰበራል፤ ሲከፈትም ስድስቱን ቀለህ ባንድ ጊዜ ይገፋል። 13 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሴኮንድ 190 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ይህም በስሌት 235 ጁል ያህል ነው። ኃይሉ መጠነኛ መሆኑ ዕድሜውን አርዝሞለታል። ደካማ ጎኑ ማጠፊያውና መቆለፊያው ናቸው፤ ተዘግቶ ሲነቀነቅ ከተንቀጫቀጨ ወደ ተኩስ ሜዳ መሄድ የለበትም።

ምርመራው የሚጀምረው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ከማረጋገጥ ነው። ቀጥሎ መምቻው ወደ ኋላ ተስቦ፣ ስድስቱም ጉድጓዶች በየተራ ከአፈሙዙ ትይዩ ደርሰው መቆለፋቸው ይታያል። በተሽከርካሪውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት በቀጫጭን የመለኪያ ብረቶች ይለካል፤ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግ ነው። አፈሙዙ ውስጥ በብርሃን ሲታይ የቀለበት ጥላ ከተገኘ ብረቱ አንድ ቀን አብጧል ማለት ነውና ምርመራው እዚያው ያበቃል።

የጥይቱ ጉዳይ ከብረቱ የባሰ ነው። «ሠላሳ ስምንት» የሚለው ስም ብቻ አይበቃም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ፣ በርዝመትም በውፍረትም በኃይልም የማይመሳሰሉ ጥይቶች አሉ። «ገባ እኮ» ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። ባሩድም ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥናል። በደጋ መደርደሪያ ላይ የኖረ ጥይትና በሮቢት ቆርቆሮ ሥር የኖረ ጥይት እኩዮች ቢሆኑም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም።

የዚህም አደገኛ ውጤት የዘገየ ተኩስ ነው። ምላጩ ይሳባል፤ መምቻው ይመታል፤ ድምፅ የለም። በዚህ ጊዜ የሰው ልጅ ጠባይ ምላጩን እንደገና መሳብ ነው። በስድስት ጎራሽ ግን ምላጩ እንደገና ሲሳብ ተሽከርካሪው ይዞርና፣ ውስጡ እየጨሰ ያለው ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ወጥቶ በብረቱ ፊት ለፊት ይቆማል። እዚያ ቢፈነዳ እርሳሱ መውጫ የለውም፤ የተኳሹ ጣቶች ደግሞ ቅርብ ናቸው። ስለዚህ ያልጮኸ ሽጉጥ ወደ ዒላማው እንደተነጣጠረ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይቆያል፤ ተሽከርካሪውም አይነካም። በሠርግና በለቅሶ ተኩስ መካከል ይህን የሚያስታውስ ማን ነው?

በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ የመጀመሪያው ጥይት በእጅ አይተኮስም። ሽጉጡ ጎማ በተደረገበት ሞርሳ ታስሮ፣ ምላጩ ከአፈር ክምር ኋላ በረጅም ሲባጎ ይሳባል። ቀለሁ ወጥቶ ስንጥቅ እንዳለው ይታያል። ይህ ደህና ከሆነ ስድስቱ ጉድጓዶች በጠመኔ ቁጥር ይሰጣቸውና፣ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ከ15 ሜትር ይተኮሳል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳም በጉድጓዱ ቁጥር ይመዘገባል። አንዱ ቁጥር ዘወትር ወደ አንድ ወገን ከሸሸ ጥፋቱ የተኳሹ ሳይሆን የዚያ ጉድጓድ ነው። ጥይቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ከዒላማው ዝቅ ካሉ ግን፣ ማነጣጠሪያው ለከባድ እርሳስ ተሠርቶ ቀላል ተሰጥቶት እንደሆነ ይጠረጠራል። በሸዋ ሮቢት ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ቀጭን ነው የሚለው ክርክር በ15 ሜትር ርቀት ላይ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ጥይቱን ከፀሐይ ማራቅ ነው፤ የጋለ ባሩድ ግፊቱ ይጨምራልና።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድን ይመለከታል፤ የብረቱን ጤንነት የሚመሰክረው ባለሙያው ነው። ለአርበኛ ልጅ «የአባትህ ሽጉጥ አይተኮስም» ብሎ መንገር ቀላል አይደለም። ሆኖም ፍርዱ በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። የሽጉጡ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ልክና የክፍተቱ መጠን በጽሑፍ ይሰጠው። ሽጉጡ ዘይት ተቀብቶ፣ ቁጥሩና ማኅተሙ ሳይፋቅ ይቀመጥ፤ አሮጌው ጥይት ግን ከዚያው ሣጥን ወጥቶ ለፖሊስ ይተላለፍ።