ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ዘፈን

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ደግሞ ሶለል የሚሉት በዓል ይጀምራል። ልጃገረዶች ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ባለቤቶቹም ይወደሳሉ፣ ይሸልማሉ። እዚህ ዘፈን ውስጥ ተመልካች ብቻ ሆኖ የሚቀር ሰው የለም፤ የትንሽ ከተማ ኪነት ደስታም ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። «ከዚህ የላቀ ድምፅ በስልኬ አገኛለሁ» የሚል ሰው ስለ ድምፁ ልክ ነው። ስልኩ ግን ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው አያውቀውም፤ ከዳር ሆና እጅ እጅ የምታየዋን ሕፃንም ከበሮ አያስይዛትም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በዓሉ ወደ አደባባይ መድረክ በመውጣቱ እንግዳም ገበያም መጥቷል። እውነት ነው፣ ለሰቆጣና ለላሊበላ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን መድረክ የተመረጡትን ብቻ ያወጣል፤ ድምፅዋ ቀጭን የሆነች፣ በሰፈሯ ግን ተቀባይ የማታጣ ልጅ ከታዳሚው ጋር ትቆማለች። ስለዚህ አዘጋጆቹ የመድረኩን ቀን ሲቆርጡ፣ ልጆቹ በየሰፈሩ የሚዞሩባቸውን ቀናት ሳይነኩ ቢተዉላቸው፣ እኛም በእነዚያ ቀናት በራችንን ከፍተን ብንጠብቃቸው እወዳለሁ።