የጨዋታ ንድፍ በድኅረ ምረቃ ትምህርት
(በሸዋ ሮቢት ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



ንግግሬን በኑዛዜ ልጀምር። ከዓመታት በፊት የዚህ ከተማ ልጅ የሆነ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ በቆላው እረኞች መሬት ምሰው የሚጫወቱትን ገበጣ አጥንቶ ለእጅ ስልክ የሚሆን ጌም ለመንደፍ የጥናት ሐሳብ አቀረበ። «ይህ ጨዋታ እንጂ ምርምር አይደለም» ብለን መለስነው። «መለስነው» ማለቴን ልብ በሉ፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጁ ርእሱን ወደ ደመወዝ መክፈያ ሥርዓት ለውጦ ተመረቀ።

ስሕተታችን የጨዋታ ንድፍን የፕሮግራም አጻጻፍ ቅርንጫፍ አድርገን ማየታችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሃኒኪ፣ ለብላንክና ዙቤክ የተባሉ ባለሙያዎች ባወጡት ጽሑፍ ጨዋታን በሦስት ደረጃ ከፍለው አይተውታል፤ ሕጉ፣ ሕጉ በጨዋታው ሂደት የሚወልደው ጠባይ፣ ከዚያም በተጫዋቹ ልብ የሚያድረው ስሜት። ነዳፊው የሚፈልገው ስሜቱን ነው፤ በእጁ ያለው ግን ሕጉ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መመርመር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሥራ ነው።

ነባሩን ሰንጠረዣችንን ውሰዱ። ጨዋታው የሚከፈተው በ«ወረራ» ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ሕግ ናት፤ ነገር ግን ዓይንን ከራስ ሠራዊት አንሥታ የባላጋራን እጅ ታስጠብቃለች። የዛሬ ጌም ሠሪዎች በብዙ ድካም የሚሹትን ጥድፊያ አባቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ አግኝተውታል።

ወደ ገበጣው ልመለስ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን ከነሕጋቸው አሳትመዋል። ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ባህል ወዳዱ በዚህ ይኮራ፤ የንድፍ ተማሪው ግን ይጠይቅ። ረድፍ ሲጨመር ጨዋታው ይረዝማል? ጀማሪው ዐዋቂውን የማሸነፍ ዕድሉ ይሰፋል ወይስ ይጠባል? መልሱ የሚገኘው እነዚያኑ ሰዎች በሁለቱም ሕግ ደጋግሞ በማጫወት፣ በመመዝገብና በማነጻጸር ነው። ይህ ምርምር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በኮፐንሃገን የአይቲ ዩኒቨርሲቲ ጌም ራሱን የቻለ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። በአገራችንም «ቅኔ ጌምስ» «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለእጅ ስልክ አቅርቧል፤ የእኛን የገምጋሚዎችን ፈቃድ አልጠበቀም። አዲስ ትምህርት ክፍል እስኪከፈት መጠበቅም ግድ አይደለም። የሶፍትዌር፣ የሥነ ጥበብና የፎክሎር መምህራን አንድን ተማሪ በጋራ ማማከር እንችላለን።

የቀድሞው ተማሪ ዛሬ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከአዳራሹ በስተኋላ ተቀምጧል። ሕጉን ከነገሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ አርፈዋል። ደብተሩን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ አንደኛው አባት ያጫወቱት ገበጣ አጨራረሱ በግማሽ ቀርቷል። ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ካለ፣ ከጥያቄና መልሱ በፊት እዚህ መድረክ ላይ ወጥቶ ያሳየን።